ሜዳ ያበቀልንበት ክረምት

የታጨደ ሳር ሽታ ብዙ ሰው ያረጋጋል ይባላል። እኔን ግን ለጠብ ያነሳሳኛል። ባለፈው ሳምንት ኦሎምፒያ ላይ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሠራተኛ የመንገዱን አካፋይ ሳር በሞተር ማጨጃ ይቆርጥ ነበር። እርጥቡ ሳር ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ሲገባ ትከሻዬ ሳላዘው ቀጥ አለ፣ ጥርሴንም ነከስኩ። አጠገቤ የቆመችው ሴት "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ምንም፣ ሳሩ ነው" አልኳት። አለርጂ ያለብኝ መስሏት ከቦርሳዋ ማስክ አውጥታ ሰጠችኝ። አመስግኜ ተቀበልኳት። ታክሲው እስኪመጣ ድረስ ግን ማስኩን በእጄ ይዤ ሳሩን ሳሸት ቆየሁ።

አምስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው ትዝ ያለኝ።

ትምህርት ቤታችን ከወሎ ሰፈር ወደ ቦሌ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። አውሮፕላኖቹ ሊያርፉ ሲሉ በላያችን ዝቅ ብለው ስለሚያልፉ መምህሮቻችን በንግግራቸው መሀል አፋቸውን ዘግተው መጠበቅ ለምደዋል። ድምፁ ሲርቅ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ።

ከክፍሎቹ ጀርባ ሜዳ የምንለው ነገር ነበር። በበጋ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ የልጅ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ይከፍታል። በክረምት ደግሞ ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ይሆናል። ሳር የሚታየው ከአጥሩ ሥር ብቻ ነው። ሜዳው የወንዶች ነበር። ይህን ሕግ አድርጎ ያወጣ ሰው የለም፤ ግን ሁላችንም እናውቀው ነበር። እኛ ሴቶቹ ከክፍሎቹ ፊት ለፊት ባለው ሲሚንቶ ላይ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። ኳሷ ወደ እኛ ስትመጣ በእጃችን አንስተን እንድንወረውርላቸው ይጠብቁናል።

ሊዲያ አንድ ቀን አልወረወረችላቸውም። በእግሯ መታቻትና ኳሷ በወንዶቹ ራስ ላይ አልፋ አጥሩን ዘለለች። ሊዲያ የዴስክ ጓደኛዬ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከወላይታ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው። እሑድ እሑድ በኳየር ትዘምራለች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ከሚነካት ሁሉ ጋር ትደባደባለች። ያን ቀን የሰባተኛ ክፍሉ ቢኒያም፣ የኳስ ቡድኑ አምበል፣ "ሂጂና አምጪ" አላት። "ሜዳው ያንተ ከሆነ ኳሷም ያንተ ናት፤ ራስህ አምጣት" አለችው።

ሰኔ ላይ ሜዳው ለባዛር ተሰጠ። ድንኳን ተተከለበት፣ የጭነት መኪናዎች ገቡበት፣ በላዩ ላይ ዝናብ ወረደ። ድንኳኑ ሲነሳ የጎማው ዱካ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ሆኖ ቀረ። የካርድ ቀን እዚያ ጭቃ ዳር ተሰልፈን ሳለ የሊዲያ እግር ከዳት። ወደቀች። ክንዷ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ።

በዚያ ምሽት አባዬ ራት ላይ "ኮሚቴው ወስኗል፤ ሜዳው ድንጋይ ይነጠፍበታል" አለ።

አባዬ ወሎ ሰፈር ትንሽ ጋራዥ ነበረው። በጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ በዓል ቀን እንኳ አይለቅም። ስለ ትምህርት ቤታችን ሲያወራ ሁልጊዜ ኮሚቴው እንዲህ አለ፣ ኮሚቴው እንዲያ አደረገ ስለሚል ኮሚቴው አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር። "ኮሚቴው ዛሬ ተሰበሰበ" ሲል፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ብርድ መትቶት እጅና እግሩን ሲሰበስብ ይታየኛል። "ኮሚቴው ተከፋፈለ" ሲል ደግሞ አስቤ አስቤ እተወዋለሁ። ብቻ ከአባዬ በላይ የሆነ፣ አባዬ እንኳ እሺ የሚለው ሰው ነበር ለእኔ።

ድንጋይ የሚነጠፈው ሊዲያ ስለወደቀች ነው ሲባል ግራ ገባኝ። ለወደቀ ሰው ድንጋይ ያነጥፋሉ?

ድንጋዩን የተቃወሙት ቲቸር ፀዳለ ነበሩ። የስፖርት መምህራችን ናቸው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ በክረምትም በበጋም ያንኑ ሰማያዊ ቱታ የሚለብሱ ሴት። ፊሽካ አይነፉም ነበር። በእጃቸው ያጨበጭባሉ፤ ጭብጨባቸው ግን ከፊሽካ ይበልጥ ይሰማል። በማግስቱ ሊዲያን ጀሶ አስደርገን ካርዷን ልንወስድ ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ፣ እኔና እናቷ እየደገፍናት፣ ቲቸር ፀዳለ በረንዳ ላይ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"አንድ ክረምት ስጡኝ" አሉ።

"ቲቸር፣ ክረምት ማለት እኮ ጭቃ ነው" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"ክረምት ውሃ ነው። ጭቃ ያደረግነው እኛ ነን።"

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ደክሟቸዋል። "መልካም። ትምህርት ሲከፈት ሳር ካየን እንነጋገራለን" ብለው ቢሯቸው ገቡ።

ቲቸር ፀዳለ ዞረው አዩን። እኔን፣ ሊዲያን፣ ጀሶውን። "ክረምቱን አዲስ አበባ ነው የምታሳልፉት?" አሉን። አዎ አልን። "ሌሎች ሴቶች ካሉ ጥሩልኝ።"

"ወንዶቹስ?" አለች ሊዲያ።

"ወንዶቹ ሜዳ አላቸው። ሜዳ የሌላችሁ እናንተ ናችሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ከየቤቱ የተጠራራን ሴቶች ሜዳው ዳር ተሰበሰብን። ቲቸር ውሉን ነገሩን። የሠራ መጀመሪያ ይጫወታል። እሳቸው በቃ እስኪሉ ድረስ ግን ኳስ ወደ ሜዳው አይገባም፣ የእኛም ቢሆን። "ለመጫወት የመጣ አሁኑኑ ይሂድ" አሉ። ማንም አልሄደም። ለምን እንዳልሄድን እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ከመሀላችን ሜዳ ላይ ኳስ ተጫውታ የምታውቅ አንዲትም አልነበረችም እኮ። ምን እንደምንጠብቅ እንኳ አናውቅም ነበር።

ለአባዬ ቲቸር ፀዳለ ክረምቱን ስፖርት ያሠሩናል አልኩት። "ጥሩ ነው" አለ። እሱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። እማዬ ብቻ ልብሴን ስታጥብ "ይሄ ስፖርት መሬት ውስጥ ነው እንዴ የሚሠራው?" ትለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ የጎማውን ዱካ መድፈን ነበር። ከዚያ ቲቸር "ይህ መሬት ታፍኗል። መተንፈስ ካልቻለ ሳር አያበቅልም" አሉን። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን በየአቅጣጫው ሕንፃ ይሠራ ስለነበር ቁርጥራጭ ፌሮ በየመንገዱ ወድቋል። ለቅመን አመጣን። ጫፉን ድንጋይ ላይ እየሳልን መሬቱን መውጋት ጀመርን። እየወጉ፣ እየነቀነቁ፣ እየነቀሉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እንደገና መውጋት። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ። ቲቸር መተንፈስ ያሉትን ቃል በቃል ነበር የወሰድኩት። ሌሎቹ ለምሳ ሲሄዱ መሬት ላይ ተኝቼ ጆሮዬን አንዱ ቀዳዳ ላይ ለጠፍኩ። ከውስጥ ሽሽ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። የትናንቱ ዝናብ ወደ ታች ሲወርድ ነበር፤ እኔ ግን ትንፋሽ ነው ብዬ አመንኩ። ሊዲያን ጠራኋት። ጀሶዋን ከፍ አድርጋ ተንበርክካ አዳመጠችና "እያንኮራፋ ነው" አለች።

ቀጥሎ አሸዋ ነበር። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በየቀዳዳው አሸዋ ከገባ ግን ውሃው መውረጃ ያገኛል። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ሕንፃ የሚያስገነቡ ሰዎች ዘንድ ቲቸር ሄደው ፎርማኑን አነጋገሩ። መንገድ ዳር የተበተነውን ጠርጋችሁ ውሰዱ አላቸው። በማዳበሪያ እየሞላን፣ ሁለት ሁለት ሆነን እየተሸከምን በዋናው መንገድ አለፍን። ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ያዩናል። ወያላዎች "አሸዋ በሴት መሸጥ ተጀመረ እንዴ?" ይላሉ። መጀመሪያ አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው። በኋላ ቀና አልኩ። ማዳበሪያው ትከሻ ላይ ሲሆን አንገት መድፋት ራሱ ይበልጥ ያደክማል።

ከዚያ ሳሩ መጣ። ዘር ተዘርቶ የሚበቅል መስሎኝ ነበር። "ሰርዶ ነው የምንተክለው" አሉ ቲቸር።

"ሰርዶ የት ይገኛል?" አልኳቸው።

"የማይፈለግበት ቦታ ሁሉ።"

እውነታቸውን ነበር። በቦይ ዳር፣ በአጥር ሥር፣ በኮብልስቶን ስንጥቅ፣ አበባ በተተከለበት ግቢ ሁሉ ሰርዶ አለ። ትልልቅ በር እያንኳኳን "ሰርዶ ካላችሁ እንንቀልላችሁ" እንላለን። ልመና መስሏቸው በሩን የሚዘጉ ነበሩ። አንዲት ሴትዮ ግን አስገቡንና አትክልተኛቸው ለዓመታት ሲታገለው የኖረውን ሰርዶ ነቅለን ስንጨርስ "እንግዲህ ከእኔ ግቢ ወጥቶ የት ሊደርስ ነው?" ብለው ጠየቁን። ኳስ ሜዳ አልናቸው። ሳቁ።

ቲቸር ሥሩን አንጓ አንጓውን እየቆራረጡ አሳዩን። እያንዳንዷ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ዓይን፣ ቡቃያ የሚወጣበት ቦታ፣ ሊኖራት ይገባል። በጣት ቀዳዳ፣ ቁራጯን ማስገባት፣ በተረከዝ ጫን ማድረግ። "ይረገጣል፣ ይቆረጣል፣ ያቃጥሉታል፣ ይመለሳል" አሉ። "ለኳስ የሚሆን ሳር ይህ ብቻ ነው። ቆንጆውን ሳር ሆቴሎቹ ይያዙት።"

የሜዳው ጠላት ብዙ ነበር። የመጀመሪያዎቹ በጎች ናቸው። ጥበቃው ጋሽ ቶሎሳ ለአዲስ ዓመት የሚያደልቧቸው በጎች ነበሯቸው፤ እነዚያም የተከልነውን እየነቀሉ በሉት። ቲቸር በእርጋታ ነገሯቸው። ጋሽ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው "በግ ሳርና ሜዳ አይለይም፣ ቲቸር" አሉ። "እርስዎ ግን ይለያሉ" አሏቸው ቲቸር። ከዚያ ወዲያ በጎቹ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ታሰሩ። ፍጋቸውንም ጋሽ ቶሎሳ ራሳቸው በባልዲ እያመጡ ሜዳው ዳር ያስቀምጡልን ጀመር። ኩርፊያቸው ግን ለረጅም ጊዜ አልለቀቃቸውም፤ ባልዲውን ሲያስቀምጡ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሁለተኞቹ እነ ቢኒያም ነበሩ። ቲቸር ፀዳለ ገርጂ ለቅሶ በሄዱበት ከሰዓት በኋላ መጡ። ዙሪያውን የወጠርነውን ሲባጎ ቢኒያም በእግሩ ተጭኖ አልፎ ገባ። ሳሩ ያኔ ገና እዚህም እዚያም እንደ ሕፃን ፀጉር ብቅ ብቅ ያለ ነበር።

"የእኛን ሜዳ ማን አጠረው?" አለ።

"እኛ" አልኩ። ድምፄ እንደፈለግኩት አልወጣም።

"ውጡ፤ ልንጫወት ነው።"

ማን ምን እንደምታደርግ አልተማከርንም። ሊዲያ ሄዳ ሜዳው መሀል በጀርባዋ ተኛች። የተሰበረ ክንዷን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማዩን እያየች "በላዬ ላይ ተጫወቱ" አለች። ሄጄ አጠገቧ ተኛሁ። ሌሎቹም ተከተሉን። በቡቃያዎቹ መሀል፣ ባዶ መሬት እየፈለግን፣ በመላው ሜዳ ተበትነን ተኛን። ጭቃው በሹራቤ አልፎ ጀርባዬን ሲነካኝ ቀዘቀዘኝ። አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ ሆዱን ሳይቀር አየሁት። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

ቢኒያም ኳሷን በብብቱ ይዞ ቆሟል። "እነዚህ አብደዋል" አለ። ከጓደኞቹ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው እንሂድ አለ። እኛ አልተነሳንም። ዝናቡ ፊታችን ላይ ይወርዳል፤ ዓይኔን መግለጥ አልቻልኩም። መሄዳቸውን የነገሩን ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ጃንጥላ ይዘው መጥተው በላያችን ቆሙና "ሄደዋል። ተነሱ፤ ኒሞኒያ ሊገድላችሁ ነው" አሉ። ቶንሲል ይዞኝ ሳምንት ሙሉ ድምፄ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ነበር የታመምኩት።

ነሐሴ ውስጥ ሜዳው አረንጓዴ ሆነ። ሁሉም ቦታ አይደለም፤ መላጣ ጥግ ነበረው፣ ቢጫ የሆነም ነበረው። ግን ከሩቅ ሲታይ ሳር ነበር። ልክ ያኔ ትልቁ ዝናብ መጣ። ከምሽት እስከ ጠዋት ሳያባራ ዘነበና ስንደርስ የሜዳው ታችኛው ጥግ ኩሬ ሆኖ ጠበቀን። ዝናቡን እንዲያወጣ በሜዳው ዳር የቆፈርነው ቦይ ውሃውን እስከ አጥሩ ግንብ አድርሶት እዚያ ተጠራቅሟል። ሳሩ ከውሃ በታች ይታያል፣ እንደ ሰመጠ ነገር ጫፉ ይወዛወዛል።

ቲቸር ፀዳለ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሄዱ። በእኛ የተናደዱ፣ ትተውን የሄዱ መሰለኝ። ቦዩን በደንብ ባለመቆፈራችን ነው ብዬ ራሴን መውቀስ ስጀምር ዲጂኖ ተሸክመው ተመለሱ። በቀጥታ ወደ ግንቡ ሄዱና ከብሎኬቱ የመጨረሻውን ረድፍ በጣታቸው ነካኩ።

"ግንቡን ማፍረስ ይፈቀዳል?" አልኳቸው።

"አይፈቀድም" አሉና መቱት።

ብሎኬቱ ሲሰበር ውሃው መጀመሪያ አመነታ፣ ከዚያ ጠቆረና በቀዳዳው እየጮኸ ወደ ውጭው የመንገድ ቦይ ወጣ። ቲቸር ዲጂኖውን ተደግፈው እየተነፈሱ "ጠያቂ ከመጣ እኔ ነኝ ያፈረስኩት። እናንተ አላያችሁም" አሉ። "አይተናል" አለች ሊዲያ። "ደግሞ ደስ ብሎናል።"

ሳሩ ዳነ። ጳጉሜ ላይ ቲቸር ማጭድ ይዘው መጡና የመጀመሪያውን አጨዳ አስተማሩን። ጫፉን ብቻ። ጫፉ ሲቆረጥ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይሰፋል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል። ጎንበስ ብለን በረድፍ አጨድን። ያ ሽታ የዚያን ቀን ነው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው። እጄን፣ ፀጉሬን፣ የራት እንጀራዬን ሳይቀር ሳር ሳር ሸተተኝ። ውሃ የተሞላ በርሜል በሳሩ ላይ እያንከባለልን መሬቱን አስተካከልን። አሁን እንጫወት አልናቸው። "ገና ነው" አሉ።

ከአዲስ ዓመት በኋላ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ አንድ ገልባጭ መኪና በበሩ ገባ። ኮብልስቶን ጭኗል። ከኋላው በእግራቸው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ርዕሰ መምህሩ፣ ሁለት ሴቶች፣ የማላውቃቸው ወንዶች፣ በመሀላቸው አባዬ። መኪናውን ሊጠግን የመጣ መሰለኝ።

ወደ ጋሽ ቶሎሳ ሮጬ "ኮሚቴው መጣ እንዴ? የትኛው ነው?" አልኳቸው።

"ሁሉም ናቸው" አሉ። "ሊቀመንበሩ ግን አባትሽ ናቸው።"

አባዬ ያን ጊዜ አየኝ። ባዶ እግሬን ነበርኩ፣ በእጄ ማጭድ ይዣለሁ። "ሰኒ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ቲቸር ፀዳለ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። "ሳር ካየን እንነጋገራለን ብላችሁ ነበር" አሉ። "ይኸው ሳሩ።"

ርዕሰ መምህሩ ሜዳውን አዩ፤ መገረማቸው ያስታውቃል። "ጎበዞች ናችሁ፤ እውነት ለመናገር አልጠበቅኩም። ግን ድንጋዩ ተገዝቶ ነው የመጣው፣ ቲቸር።"

"ቲቸር፣ እኔ አከብርዎታለሁ" አለ አባዬ። "ግን አንዲት ልጅ እጇ ተሰብሯል። በሚቀጥለው አንገቷ ቢሆንስ? ድንጋይ ጭቃ አይሆንም። ይጠረጋል፣ ይታጠባል፣ አለቀ። ይሄን ሳር እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ማን ይይዘዋል?"

"ልጅዎ።"

አባዬ ዞሮ እኔንና በእጄ የያዝኩትን ማጭድ አየ።

"ድንጋይ ላይ ልጅ መውደቅ ይፈራል" አሉ ቲቸር። "መውደቅ የፈራ ልጅ ደግሞ አይሮጥም። እኔ እዚህ ስኖር ሴቶቹ ሲሚንቶ ላይ ቆመው ሲያድጉ አይቻለሁ። ሁሉም ነገር ሲሚንቶ ይሁን ካላችሁ የስፖርት መምህር ለምን ቀጠራችሁኝ?"

ማንም ግን ሾፌሩን ተመለስ አላለውም። መኪናው ኋላ ኋላ ሄዶ የሜዳው ላይኛው ጠርዝ ላይ ጀርባውን አነሳና ድንጋዩን በሳሩ ላይ ገለበጠው። ነገ ሌላ ጭነት ይመጣል አሉ።

ማታ አባዬ ራት ላይ እንጀራውን አለመንካቴን አይቶ "ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

"አልጠየቅከኝም።"

"ተቀይመሽኛል።"

"ኮሚቴው አንተ ነህ?"

"እኔም አለሁበት። ለምን?"

"ሰው መስሎኝ ነበር" አልኩት።

እኔ የተናገርኩት ኮሚቴው አንድ ሰውዬ ይመስለኝ የነበረውን ነው። አባዬ ግን ሌላ ነገር ሰማ። የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ሰሀኑ መልሶ እማዬን አያት። እማዬ ቀና አላለችም። ላስረዳው ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ ሳስበው እንደሰማው ይሁን ብዬ ተውኩት።

ጠዋት በሩ ሲከፈት እዚያ ነበርኩ። ሊዲያም፣ ሌሎቹም። አልተቀጣጠርንም ማለት ይቻላል፤ ብቻ ሁላችንም አንድ ነገር እናውቅ ነበር። ሳር ድንጋይ ሥር ከዋለ ካደረ ይነጣል፣ ከዚያ ይሞታል። ከክምሩ ላይ አንድ አንድ እያነሳን ከሜዳው ውጪ፣ በበሩና በክፍሎቹ መሀል ያለው ጭቃ መንገድ ላይ መደርደር ጀመርን። ሊዲያ ጀሶዋ ተፈቷል፤ ግን ክንዷ ገና ቀጭን ስለነበር በደህናው እጇ ሆዷ ላይ ደግፋ ነው የምትሸከመው። ድንጋዩ ስለታም ነበር። ጣቶቼ ደሙ። ቲቸር ፀዳለ መጥተው አዩን። ቱታቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው አንድ ድንጋይ አነሱ።

አባዬ ሁለተኛው መኪና ሳይደርስ መጣ። ድንጋይ ታቅፌ ስሄድ መንገዱ ላይ ተገናኘን።

"አስቀምጪው" አለኝ።

"አላስቀምጥም።"

እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር። እሱም ከእኔ ሰምቶ አያውቅም። "ሰናይት፣ ወደ ቤት ሂጂ።"

"አልሄድም። እኔ ነኝ የተከልኩት። ቤት ብትወስደኝም እመለሳለሁ።"

እጁን ሲያነሳ ሊመታኝ መሰለኝ። ጣቶቼን ነበር ያያቸው። ድንጋዩን ከእቅፌ ወሰደው። ወደ ክምሩ የሚመልሰው መስሎኝ ልነጥቀው ተንጠራራሁ። "ቆይ" አለኝ። ይዞት ቆመና ሜዳውን አየ፤ ማንም ሳያናግረው፣ እኛ ከፊቱና ከኋላው እየተመላለስን። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ወደ ሳሩ ገባና በተረከዙ ተጫነው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ የመኪና ጎማ እንደሚፈትን ሰው። ሌሊት ዘንቦ ነበር። ጫማው ግን ጭቃ ሳይዝ ወጣ።

ሁለተኛው ገልባጭ በሩ ላይ ክላክስ አደረገ። አባዬ ወደዚያ ሄደ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "የትናንቱ ቦታ ነው?" አለው።

"አይደለም" አለ አባዬ። "ወደ ውስጥ አትግባ። እዚሁ በር ላይ አራግፍ፤ መንገዱን ነው የምናነጥፈው።"

"ሜዳው ነው የተባልኩት እኮ።"

"እኔ ነኝ ያልኩህ። አሁንም እኔ ነኝ የምልህ።"

በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ ተጨቃጭቋል፣ ቲቸር ፀዳለም ስለ ግንቡ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። ድንጋዩ ግን መንገዱ ላይ ቀረ። አባዬ ስለዚያ ጠዋት አላነሳብኝም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ይቅርታ ጠይቂ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልጠይቅም ነበር።

ከመስቀል በኋላ በአንድ ቅዳሜ ቲቸር ፀዳለ መስመሩን በኖራ አሰመሩ። ከዚያ ኳሷን ከብብታቸው አውጥተው መሀል ላይ አስቀመጡና አጨበጨቡ። ማናችንም መጫወት አንችልም ነበር። ኳሷ ወደ ሄደችበት ሁላችንም እንሮጣለን፣ እንጋጫለን። እኔ ዞሬ ልመታት ስል እግሬ ሳተና በሙሉ ቁመቴ ተዘረርኩ። የጉልበቴን፣ የክርኔን፣ የአገጬን ሕመም ጠበቅኩ። ምንም አልነበረም። አፌ ውስጥ ሳር ብቻ። ተነሳሁና ሮጥኩ። ሊዲያም ወደቀች፣ ተነሳች። ከዚያ ሁላችንም በየተራ እንወድቅ ጀመር፣ አንዳንዱን ሆን ብለን።

እነ ቢኒያም ኳሳቸውን ይዘው መጥተው ከመስመሩ ውጪ ቆሙ። መስመሩን ማንም አልረገጠም። ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ በአጠገቡ ሳልፍ ቢኒያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መቼ ነው የምትለቁልን?" አለኝ።

"ሲበቃን" አልኩት።

እስኪመሽ አልበቃንም።